የእቴቴ ኩልና እምቢ ያለው ስብ

ሰው ስቡን በልብስ ይደብቃል፤ እኔ የሰውን ስብ በቁልፍ ነው የምደብቀው። የምሬን ነው፣ እንጀራዬ እሱ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ የግል ምርመራ ቤት ኤምአርአይ ማሽን ላይ እሠራለሁ። ከተመረቅኩ ገና ነው፤ የመመረቂያ ፎቶዬ እንኳ ምስማር የሚመታልኝ ጠፍቶ ግድግዳ ላይ አልተሰቀለም። ሰፈር ውስጥ "ምን ተማርሽ?" ሲሉኝ ረጅሙን ስሙን እነግራቸዋለሁ፤ ሳልጨርስ "እ፣ ራጅ አንሺ" ይሉኛል። ራጅ ሌላ ነው፣ ይሄ ሌላ ነው፤ ግን ነገር ለማሳጠር "አዎ" ብዬ አልፋለሁ። ነገር ሲረዝም ያመኛል። እናቴ "ይቺ ልጅ በሰባት ወሯ የተወለደችው ዘጠኙን መጠበቅ ደብሯት ነው" ትላለች። የተወለድኩት በዘጠኝ ወሬ ነው፤ ቀልዱ ስለሚያስደስታት ብቻ ዝም እላታለሁ።

ቆይ፣ ስለ ስብ ጥቂት ካልነገርኳችሁ ኋላ መሃል መንገድ ላይ ትጠፉብኛላችሁ።

ይሄ ማሽን የሰውነታችንን ውሃና ስብ ነው የሚያዳምጠው። ያበጠና የተቆጣ ነገር ውሃ ይቋጥራል፤ ውሃው ሥዕሉ ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ሐኪም ነጩን አይቶ "እዚህ ጋ ነው ያመመው" ይላል። ጥሩ። ችግሩ ስብም ነጭ ነው። እድር ስብሰባ ላይ አንድ ድምፀ ጎርናና ሰውዬ አለ አይደል፣ ስለ ድንኳኑም ስለ ሰሃኑም እሱ ብቻ የሚያወራ? ጥግ ላይ የተቀመጠችው ሴትዮ "ቤቴ እያፈሰሰ ነው" ብትል ማን ይሰማታል? ስብ ማለት ያ ሰውዬ ነው። ክፋት የለበትም፣ ጤነኛ ነው፣ ቀብርም አይቀርም፤ ብቻ ዝም አይልም።

ታዲያ ዝም የምናሰኝበት መላ አለ። ማግኔቱ ውስጥ ስትገቡ ውሃችሁም ስባችሁም ሳይታወቃችሁ እንደ እንዝርት ይሾራሉ። ስቡ ከውሃው ትንሽ ይዘገያል። ትንሽ ስላችሁ፣ ሚሊዮን ዙር ሲሾሩ ሦስት ተኩል ዙር ያህል ብቻ ነው ወደ ኋላ የሚቀረው። በዚያች ኢምንት መዘግየት ማሽኑ ስቡን ለይቶ ይጠራዋል። "አንተ ቀርፋፋ፣ ዝም በል" ይለዋል። ስቡ ደንግጦ ዝም ባለባት ቅጽበት ውሃውን ያዳምጣል። መምህራችን ይሄን ሲያስረዳ ሌሎቹ ይጽፉ ነበር፤ እኔ ጠረጴዛ ሥር የገዛ ጭኔን ቆንጥጬ ያዝኩት። ይሄ ሁሉ ዝም ሊል ነው? እስካሁንም ቁልፉን ተጭኜ የሰው ጮማ ከሥዕሉ ላይ እንደ ጉም ሲገፈፍ ሳይ፣ ቅዳሴ መሃል የገባሁ ይመስል ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። እኔ፣ ማንም ዝም የማያሰኘኝ።

አሁን ወደ አክስቴ።

እቴቴ የሺ የእናቴ ታናሽ እህት ናት፤ ከሮብ ገበያ አለፍ ብሎ፣ ወደ ጮቄ ዳገት ነው ቤቷ። ጥጥ ፈታይ ናት። ፈትሏን ሸማኔዎቹ ለሙሽራ ልብስ ካልሆነ አይነኩትም፤ ክሯ ከመቅጠኑ የተነሣ ጣቷ ላይ ሆኖ እንኳ አይታይም። ለዚህ ነው ስትፈትል ጭኗ ላይ ጥቁር ጨርቅ የምታነጥፈው፤ ነጭ ክር በነጭ ቀሚስ ላይ እንዴት ይታያል? ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቱን ያቆመው ያ እንዝርት ነው። ሐዘን ላይ ሳለች ቅቤም ኩልም አልነካችም። እኛ አገር አናቷ የደረቀ ዓይኗ ያልተኳለ ሴት ካያችሁ "ማን ሞተብሽ?" ብላችሁ አትጠይቁም፤ ነፍስ ይማር ብቻ ነው የምትሉት። ተዝካሩ ወጥቶ ኩሏን መልሳ የተኳለች ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ "የሺ ተመለሰች" አለ።

ክረምቱ ሲወጣ የግራ ዓይኗ ታመመ። ስታንቀሳቅሰው ይወጋታል፣ ሁሉ ነገር ጭስ ጭስ ይልባታል።

"በቀኜ ሳየው በርበሬ ነው፣ በግራዬ ሳየው አመድ ነው" አለችኝ በስልክ።

ጎትቼ የዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሙ ብዙ ካዩዋት በኋላ ከዓይን ጀርባ ተነሥቶ ወደ አንጎል የሚሄድ አንድ ነርቭ እንዳለ ነገሩን። እሱ ራሱ ተቆጥቶ ከሆነ በመርፌ መድኃኒት ይመለሳል፤ የሚጫነው እብጠት በቅሎ ከሆነ ግን አዲስ አበባ ሄዶ ቀዶ ጥገና ነው። የትኛው እንደሆነ ሳይታይ ምንም አይጀመርም። እቴቴ ከዚህ ሁሉ የሰማችው "ቀዶ" የሚለውን ነው። ጎረቤቷም አግዛታለች፤ "ዓይንሽን አውጥተው ሳህን ላይ አስቀምጠው ነው የሚያዩት" ብላታለች።

"አንድ ቀን እሰጣችኋለሁ" አለችኝ። "በዚያ ቀን ካያችሁት አያችሁት። ካላያችሁት ወደ ጸበሌ ነው የምሄደው፣ ከነዓይኔ።"

ከጸበል ጋር ጠብ የለኝም፤ እኔም እጠመቃለሁ። ሐኪሙ ግን ለብቻዬ ጠርተው "ነርቭ ብዙ አይጠብቅም፣ ከዘገየን ጠፍቶ ይቀራል" ብለውኛል። ስለዚህ ያቺ አንድ ቀን የእቴቴ ዓይን ነበረች ማለት ነው። በእኔ እጅ፣ በእኔ ማሽን።

ቀኑ ደረሰ። እቴቴ ከሚኒባስ ስትወርድ ያያት ሁሉ ዞር ብሎ አየ። የጥልፍ ቀሚስ፣ አዲስ ነጠላ፣ ጥምጥም ያለ ሻሽ፣ ዓይኗ ደግሞ ከሩቅ የሚጠራ።

"እቴቴ፣ ሠርግ አለ እንዴ?"

"ሐኪም ፊት ልቀርብ ነው። ተዋርጄ ብቀርብ ተዋርደው ነው የሚመረምሩኝ።"

ማግኔቱ ክፍል ብረት አይገባም። አስወለቅኳት፦ ጉትቻ፣ ቀለበት፣ ከማተቧ ላይ መስቀሏን፣ የቀሚሷን መርፌ ቁልፍ። የሆስፒታል ልብስ አልብሻት በተማርኩት መሠረት ጥያቄዬን አወረድኩ።

"ሰውነትሽ ውስጥ ብረት አለ?"

"ብረትማ ቢኖረኝ መቼ ታመምኩ።"

"ማስካራ ተቀብተሻል?"

"ምንድን ነው እሱ?"

"የዓይን ነገር ነው። የከተማ ሴቶች የሚቀቡት።"

"እኔ የከተማ ሴት ነኝ?"

"እሺ፣ የለም" ብዬ አለፍኩ። ይሄን ስጠይቃት ከከሰል የጠቆረ ኩል የተኳለ ዓይኗን ዓይኔ ላይ ተክላ እያየችኝ ነበር። መማር እንዲህ ያደርጋል።

አስተኝቼ፣ ጭንቅላቷን ማቀፊያው ቀፎ ውስጥ አስገብቼ፣ ከጨነቃት የምትጨምቀውን ኳስ አስይዤ ወጣሁ። መስታወቱ ጀርባ የክፍላችን ኃላፊ ጋሽ ደምሴ ተቀምጠዋል። ጋሽ ደምሴ ማሽኑን እንደ በሬ የሚያባብሉ ሰው ናቸው፤ "አይዞህ" ይሉታል፣ ሲያኮርፍ ጎኑን ይመቱታል። የመጀመሪያዋ ሥዕል ስትወጣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ።

"አንቺ፣ አክስትሽ ሁለት የራስ ቅል ነው ያላት?"

አየሁ። ከራስ ቅሏ ውጭ፣ ከቆዳዋም ውጭ፣ አንድ ወፍራም ነጭ ነገር ዙሪያውን ጉብ ብሏል። ጳጳስ ትመስላለች። ሮጬ ገባሁ።

"እቴቴ፣ ሻሹ ሥር ምን አለ?"

"ቅቤ ነዋ። ራስ ነው የምናየው አላልሽም? ለራስ ደግሞ ቅቤ ነው።"

ሻሹን ብፈታው ለጋ ቅቤ አናቷ ላይ እንደ ጭቃ ተመርጎ ቁጭ ብሏል፤ ግማሹ ቀልጦ ቀፎው ውስጥ ገብቷል። የዚያ ቀፎ ዋጋ ቢነገራት ቅቤውን መልሳ ትልሰው ነበር። እጠቢው ብላት ደግሞ ቅቤ ገና ሳይጠጣ አይታጠብም አለች። ጋሽ ደምሴ እየተነፈሱ ሄደው ከታች ካለው ሱቅ ፌስታል አመጡና ራሷን ጠቀለልናት። "ደንበኛ ንጉሥ ነው" የሚል ተጽፎበታል። ጽሑፉ በግንባሯ በኩል ዋለ።

ከዚያ ስቡን ዝም የሚያሰኘውን ቁልፍ ተጫንኩ። ምን ልበላችሁ፣ ያ ሁሉ ቅቤ ጠፋ። ከሥዕሉ ላይ ድራሹ የለም። መስታወቱን አሻግሬ ሳያት ቅቤው ከፌስታሉ ሥር በአንገቷ እየወረደ ነው፤ እስክሪኑ ላይ ግን አልነበረም፣ ተፈጥሮም አያውቅ። ጋሽ ደምሴን "እዩት፣ እዩት" እያልኩ እጅጌያቸውን ስጎትት "ስንት ዘመን ያየሁት ነው፣ ልቀቂኝ" አሉኝ። እሳቸውም ግን ዓይናቸውን አላነሡም፣ እያዩ ነበር።

ደስታዬ ወደ ዓይኗ እስክወርድ ነው የቆየው።

ዓይን ስብ ላይ ነው የተቀመጠችው፤ እንቁላል በጥጥ እንደሚቀመጥ። ያ ነርቭም ከዓይኗ ጀርባ ተነሥቶ በዚያ ስብ መሃል ነው የሚያልፈው። ስቡ ካልጠፋ ነርቩ አይለይም። እና የእቴቴ ስብ፣ የአናቷ ጠፍቶ፣ የጉንጯ ጠፍቶ፣ የአንገቷ ጠፍቶ፣ የዓይኖቿ ዙሪያ እምቢ አለ። ነጭ። ነጭ ብቻ ቢሆን ደግ፤ መሃሉ ተቦድሶ፣ ጥቁር ጉድጓድ ሆኖ፣ ጠርዙ ተጣሞ፣ ውሻ የነከሰው ድፎ ዳቦ መስሏል። በሽታ ይሁን፣ ስብ ይሁን፣ የኔ ስንፍና ይሁን አይታወቅም።

ደገምኩ። ያው ነው። አቀማመጧን አስተካክዬ ደገምኩ። ያው። ቅቤው ጭንቅላቷን እያንሸራተተው በየመሃሉ እየገባሁ አቃናሁላት። በማይክሮፎኑ ድምጿ መጣ።

"መንጫጫቱስ ይንጫጫ። ሽፋሽፍቴን የሚጎትተኝ ማነው?"

"ማንም የለም እቴቴ። አትንቀሳቀሺ።"

"ኧረ አለ። በቀስታ ነው የሚስበኝ። ስድ ነገር አለ እዚህ ውስጥ።"

"ምንም የለም አልኩሽ እኮ።"

እንግዲህ ሰው እውነቱን እየነገረኝ እንዲህ ነው የማስተናግደው። ጋሽ ደምሴ አዲስ አበባ ላለው መሐንዲስ ደወሉ። መሐንዲሱ ከረጅም ዝምታ በኋላ "አጥፍታችሁ አብሩት" አለ። ለዚህ ነው መሐንዲስነት የሚማሩት። አጥፍተን አበራነው። ማሽኑ እስኪነሣ እቴቴ ኮሪደር ላይ ከነፌስታሏ ተቀምጣ ለሰልፈኛው ሁሉ ቆሎ ዘገነች። አንዷ እናት ፌስታሉ የሕክምናው አካል መስሏቸው "እኛም ገዝተን ነው የምንገባ?" ብለው ጠየቁኝ።

መልሰን አስገባናት። አሁንም ያው ነው። የበፊቱ እንዲያውም ይሻል ነበር።

ስትወጣ ነጠላዋን ፈለገች።

"በቃ" አለች። "አያችሁ፣ አልታያችሁም። ከእናንተ የተሰወረ ለሱ የተገለጠ ነው። የሮብ ገበያ መኪና ሳያመልጠኝ ልሂድ።"

"እቴቴ፣ አንዴ ብቻ።"

"ስንቴ አንዴ አለ?" አለችና ዓይኗን እያሸች ግድግዳው ላይ ወዳለው መስታወት ሄደች። "ይሄ ማሽን ኩሌን አበላሸው" ብላ ከጡቷ ሥር ትንሽ ብልቃጥ አወጣች፣ መኳያዋን ነከረች፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ሳብ።

ቆሜ አየኋት። ከዚያ በፊት ማሽኑ እስኪነሣም መስታወቱ ጋ አይቻት ነበር። ያን ጊዜም ስትኳል ነበር ማለት ነው። እኛ ባቃተን ቁጥር እሷ ስታድስልን ውላለች።

"እቴቴ። ይሄ ኩል ከምንድን ነው?"

"ከኩል ድንጋይ ነዋ።"

"በምን ፈጨሽው?"

"በማረሻው ላይ። በሟቹ ማረሻ። ድንጋይ በድንጋይ ሲፈጭ ይሻክራል፣ ብረት ላይ ግን ይልማል። ስጪኝ ካልሽ እሰጥሻለሁ፣ ደረቅ ዓይንሽ ያሳፍራል።"

ብልቃጡን ቀምቼ ሮጥኩ። ዕቃ ብረት መሆን አለመሆኑን የምንፈትንባት አንዲት ትንሽ ማግኔት አለችን። ወረቀት ላይ ቆንጠር ኩል ነስንሼ ማግኔቷን ከሥር አስጠጋሁ። ኩሉ ተነሥቶ ቆመ። እንደ ጃርት ቆመ። ማግኔቷን ሳዞር ዞረ፣ ስመልስ ተመለሰ። እቴቴ ከኋላዬ ደርሳ በትከሻዬ ላይ ታይ ነበር።

"እሱ ነው" አለች ቀስ ብላ።

"ማን?"

"ማረሻው። አሥር ክረምት አፈር የገባ ብረት ነው፣ ስፈጭበት ከኩሉ ጋር ፍቄው ኖሯል።" ቆይታ ደግሞ "ሽፋሽፍቴን የሚስበኝ ማን እንደሆነ አሁን ገባኝ። ሞቶም አይተወኝ" አለች፤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ስትል አየኋት።

ነገሩ ለእኔም በራልኝ። ስቡን የምንጠራው በሚዘገይበት ልክ ነው አላልኳችሁም? ብረት አጠገቡ ሲኖር ልኩ ይዛባል። ማሽኑ "አንተ ቀርፋፋ" ብሎ ሲጣራ የዓይኗ ስብ "እኔን አይደለም" ብሎ ይቀመጣል። ብናኝ ናት እኮ። በዓይን የማትታይ የማረሻ ብናኝ፣ ይሄን ፎቅ የሚያህል ማሽን ውሎውን ሁሉ አሳበደችው። መናደድ ነበረብኝ፤ እጄ ግን ማግኔቷን ወረቀቱ ሥር እያዞረ ነበር፣ አላቆምም ብሎ።

"በይ ታጠቢው፣ ቶሎ፣ መልሰን እንግባ" አልኳት።

ፈገግታዋ ጠፋ።

"አልታጠብም።"

"እቴቴ፣ ኩሉ እኮ ነው የከለከለን።"

"ገብቶኛል። አልታጠብም። ኩል የሚታጠበው ለሐዘን ነው። አንዴ ታጥቤያለሁ፣ ለማን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ዓይኔ ሳይሞት ላልቅስለት?"

"ይሄማ ዝም ብሎ..." ብዬ ጀመርኩና "ጥቁር አቧራ ነው" ልላት ስል ምላሴን ያዝኩ። በሕይወቴ ምላሴን የያዝኩባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው። ተከራከርኩ፣ ለመንኩ፣ እናቴን በስልክ አስገባሁባት፤ እናቴ ጭራሽ "እሷስ ውሸቷን ነው?" ብላ ከሷ ጋር ወገነች። እቴቴ ነጠላዋን መደረብ ጀመረች። ከእጄ እያመለጠች እንደሆነ አየሁ፤ ከወጣች ደግሞ አትመለስም።

የምናገረው ሲያልቅብኝ እጇን ይዤ እስክሪኑ ፊት አስቀመጥኳት። ጋሽ ደምሴ ወንበራቸውን ለቀቁላት።

"ይሄ ያንቺ ዓይን ነው እቴቴ። ስቡ ዝም ሳይል ያነሣነው ነው።"

በቀኝ ዓይኗ ተጠግታ አየች።

"ባዘቶ" አለች። "የተነደፈ ጥጥ ነው።"

"አዎ። ክሩ መሃሉ ላይ አለ።"

"በነጭ ላይ ነጭ። እንዴት ይታያል?"

ክሩ ወደ ኋላ ርቆ የሚያልፍበትን፣ ኩሉ ያልደረሰበትን፣ ስቡ የጠፋበትን አሳየኋት። ዙሪያው ድቅድቅ ጥቁር ነው። ተጠግታ አየችው። ከዚያ ሳታስበው መዳፏ ጭኗን ዳበሰ፣ ፈትል ላይ ስትሆን ጨርቁን እንደምታስተካክለው።

"ጥቁር ጨርቅ አንጥፋችሁበታል" አለች።

ተማርኩ የሚለው ሰው ሁሉ እንዲህ አድርጎ ቢነግረኝ ኖሮ ፈተናዬን ባልፈራሁ።

"ታዲያ እዚህ ጋ፣ ክሩ ከዓይኔ በሚነሣበት ላይ፣ ጨርቁን ማን ገፈፈው?"

"ኩሉ።"

 እቴቴ ብልቃጧን እጇ ውስጥ አገላበጠች። አንዴ ብልቃጡን፣ አንዴ እስክሪኑን፣ አንዴ እኔን አየች።

"ፊትሽን አምጪ" አለችኝ።

"ለምን?"

"አምጪ አልኩ። ኩሉ አይታጠብም፣ ይዛወራል። ዓይኔ እስኪመለስ አንቺ ትኳይልኛለሽ፣ በየቀኑ። አንድ ቀን ደረቅ ዓይን ይዘሽ ብትወጪ ያለቀስሽብኝ አንቺ ነሽ።"

እኔ የከንፈር ቅባት እንኳ የሚረሳኝ ሰው ነኝ። አገጬን ይዛ ቀና አደረገችኝና መኳያውን በዓይኔ ሳበችው። አቃጠለኝ፣ ዘለልኩ፣ "አትንቀሳቀሺ" አለችኝ፤ ስንት ጊዜ እንዳልኳት ታውቃላችሁ። ሁለቱንም ኳለችኝ። ጋሽ ደምሴ ወደ ግድግዳው ዞረው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ የሷን ለማስለቀቅ ውሃ ብናመጣ፣ ሳሙና ብናመጣ፣ የማረሻ ኩል ንቅንቅ አለ? ተዘረጋ እንጂ አለቀቀም። እቴቴ "ወይ የተማረ ሰው" ብላ ጣቷን ፌስታሉ ሥር ሰደደች፣ ከአናቷ ቅቤ ዛቀች፣ ሽፋሽፍቷን ቀብታ በጥጥ ጠረገችው። ሙልጭ ብሎ ለቀቀ። ስንዘልፈው የዋልነው ቅቤ።

"ዓይኗ ላይ የቀረው ቅቤስ?" አልኩ ደንግጬ።

"ስብ አይደል?" አሉ ጋሽ ደምሴ። "ዝም ይበል።"

አስገባናት። ዓይኗ ባዶውን ሲታይ ዕድሜዋ ጨመረ፣ በባሏ ቀብር ዕለት የነበረችውን ሴት መሰለች፤ ወደ ማሽኑ ስትገባ ዓይኗን ጨፍና "እዩኝ እንግዲህ" አለች። ቁልፉን ተጫንኩ። ማሽኑ ያንኳኳል፣ ይጮሃል፣ እኔ ጥፍሬን እበላለሁ። ስቡ ከጠፋ ነርቩ ይታያል፤ ነርቩ ከታየ እብጠት መኖር አለመኖሩ ይታወቃል። ካልጠፋ የሮብ ገበያ መኪና አለ።

ሥዕሉ ከላይ ወደ ታች መጣ። አናቷ ጥቁር። ግንባሯ ጥቁር። ቅንድቧ ጋ ሲደርስ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ግን ትዕግሥት የለኝም፣ ወዲያው ገለጥኩት።

ስቡ ሄዷል። እንዳለ። ከዓይኗ ጀርባ እንደ ሌሊት ሰማይ ጸጥ ብሏል። በዚያ ጸጥታ መሃል ሁለት ክሮች አሉ። የቀኙ ቀጭንና ግራጫ፣ እንዳለ የተቀመጠ። የግራው ወፈር ብሎ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ነጭ ሆኖ ያበራል። ሌላ ምንም የለም። የሚጫነው፣ የበቀለ፣ የተደበቀ፣ ምንም። ጠዋት ሙሉ በዚያ ጩኸት ሥር ተቀምጣ "እኔን ነው ያመመኝ" ትል የነበረችው ያቺ ክር ብቻ ነበረች፤ ዝም ሲሉላት ተሰማች። የአክስቴን ማየት ነው ያየሁት። ማየት የሚያልፍበትን መንገድ በዓይኔ አየሁት። ይሄን የምታነቡ ሰዎች፣ እያነበባችሁ ያላችሁት በእሱ ነው፤ በእንዲህ ያለች ክር።

ሥዕል የሚያነቡት ዶክተር መጥተው ጎንበስ ብለው አዩ። ቸኩለው አልተናገሩም፤ እኔ ልሞት ነበር።

"እብጠት የለም" አሉ በመጨረሻ። "ነርቩ ነው የተቆጣው። ዛሬውኑ ለዓይን ሐኪሟ ይድረስ፣ መርፌውን ይጀምሩላት።" ከዚያ ቀና ብለው ሲያዩኝ ደነገጡ። "ውይ፣ ምን ሆንሽ? ማን ሞተብሽ?"

ጉንጬን ስዳብስ እጄ ጥቁር ሆነ። ኩሉ በእንባዬ እስከ አገጬ ወርዷል። ነጭ ጋውኔ ላይም ነጥብ ነጥብ ብሏል።

እቴቴ ስትወጣ የመጀመሪያ ነገሯ ውጤቱን መጠየቅ አልነበረም።

"አደራዬን በእንባ ታጥቢዋለሽ?" አለችኝ።

"ቀዶ የለም እቴቴ። መርፌ ነው።"

 ባልተኳለ ዓይኗ መሬቱን አየች፣ ጣሪያውን አየች፣ ከዚያ ለመሄድ አንሥታው የነበረውን ነጠላ አጣጥፋ መልሳ አስቀመጠችው። የሮብ ገበያ መኪና ያለሷ ሄደ።

መርፌዋን ጨርሳ አገሯ ገባች፤ እኔ ከኩሏ ጋር ቀረሁ። ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ እየተሳደብኩ እኳላለሁ። አንዱን ሳስተካክል ሌላው ይበልጣል፣ ሌላውን ሳስተካክል አንዱ ያንሳል። ሥራ ቦታ "ሙሽሪት" አሉኝ፣ ከዚያ "ጉጉት" አሉኝ። ማግኔቱ ክፍል ስገባ ሽፋሽፍቴን በቀስታ የሚስብ ነገር ነበር፤ ቆሜ ስቄ "ደህና ዋልክ አጎቴ" ስል ጋሽ ደምሴ ሰሙኝና በሩን እንዳላልፍ ከለከሉኝ። በሽተኛ የሚያስተኙት እሳቸው ሆኑ፤ እኔ መስታወት ጀርባ ታሰርኩ። አንድም ቀን ግን ደረቅ ዓይን ይዤ አልወጣሁም። እሑድም፣ ጉንፋን ይዞኝም።

በመጨረሻ ልጠይቃት ሄድኩ። ደጃፏ ላይ ፀሐይ ተቀብላ ተቀምጣለች፤ ጭኗ ላይ ጥቁሩ ጨርቅ ተነጥፏል፣ እንዝርቱ ግን አጠገቧ ተጋድሟል።  ዓይኗ ባዶ ነው፣ አልተኳለችም። ስለ ዓይኗ ለመጠየቅ አፌ አልታዘዝ ብሎ ስለ መንገዱ፣ ስለ ሚኒባሱ፣ ስለ ጭቃው ቀባጠርኩ።

"ዝም በይና ቀረብ በይ" አለችኝ።

ቀረብኩ።

"ወደ ፀሐዩ ዙሪ።"

ዞርኩ። ፊቴን እንደ ፈትል አየችው፤ ከዳር እስከ ዳር፣ ቀስ ብላ።

"የግራሽን አወፍረሽዋል" አለች። "የቀኝሽ ደግሞ ጫፉ ላይ ተንጋዷል፣ የጠጣች ዶሮ የሄደችበት ይመስላል። ይሄን ይዘሽ ነው ሰው ፊት የምትውይው? ስሜን አጥፍተሻል። በርበሬው ገና አልቀላልኝም፣ ቡናማ ነው፤ ኩልሽ ግን እንደማያምር ለማወቅ በርበሬ አያስፈልገኝም።"

ሰው ሲነቅፈኝ አላስጨርስም፤ ጠባዬ ነው። መልሴን አዘጋጅቼ አፌን ስከፍት መዳፏን አየሁት። ቀኝ እጇ ደህናው ቀኝ ዓይኗ ላይ ነበር፤ ጥብቅ አድርጋ ይዛዋለች።

አፌን ዘጋሁ። ፊቴን ወደ ፀሐዩ አቅንቼ፣ እጄን ጭኔ ላይ አጣጥፌ ተቀመጥኩ፤ እቴቴም ከቅንድቤ ጀምራ የሚነቀፍ ነገሬን ሁሉ አንድ በአንድ ነቀፈችው። እስክትጨርስ ጠበቅኳት።